ሰቆጣ፦ ድንጋዩ እንጨት መስሎ የተጠረበበት ሀገር

የዛሬው ዝግጅት ከላሊበላ በስተሰሜን፣ ተከዜና ገባሮቹ በሸነሸኑት ተራራማ ሀገር ወደምትገኘው ወደ ሰቆጣ ይወስደናል። የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ የሆነችው ይህች ከተማ በዘመናችን ስሟ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ድርቅና እርዳታ አብረው ይነሳሉ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ያወጣው ዕቅድም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በስሟ ተጠርቷል። ሰቆጣ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የገበያ፣ የመሳፍንትና የጠራቢዎች ከተማ ነበረች። ዝግጅታችን የሚያተኩረው በዚያ ዘመን ላይ፣ ይልቁንም ያ ዘመን በመሬቱ ላይ ትቶት በሄደው ምልክት ላይ ነው።

ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብሎ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። እንደ ላሊበላዎቹ ከዓለት የተፈለፈለ ነው። ፊቱን ከሩቅ ያየ ሰው ግን ግንበኛና አናጢ ተባብረው ያቆሙት ቤት ይመስለዋል። ግድግዳው እየገባና እየወጣ ይሄዳል፤ በሩና መስኮቱ በእንጨት መቃንና ጉበን የተያዙ ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ እጁን ሲያሳርፍበት እንጨት የመሰለው ሁሉ ዓለት ሆኖ ያገኘዋል። ዓለት እንዳይፈርስ የሚያስረው እንጨት አያስፈልገውም። ታዲያ ጠራቢውን ይህን ሁሉ ምን አደከመው?

መልሱ ያለው አክሱም ነው። የአክሱም ግንበኞች ግድግዳ ሲያቆሙ ትንንሽ ድንጋዮችን በጭቃ እየደረደሩ፣ የተወሰነ ከፍታ ላይ ሲደርሱ ረጃጅም እንጨቶችን በርዝመቱ ያጋድሙ ነበር። አግዳሚዎቹ እንዳይላቀቁ ደግሞ አጫጭር እንጨቶች ግድግዳውን በውፍረቱ አቋርጠው ያይዟቸዋል። የአጫጭሮቹ ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ስለሚታይ የዝንጀሮ ራስ የሚል ስም ወጥቶለታል። ይህ አሠራር በደብረ ዳሞ ዛሬም በሕይወት ይታያል። በላስታ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የቆመው ይምርሃነ ክርስቶስም የእንጨትና የነጭ ልስን ድርድሩ እየተፈራረቀ የሚታይ፣ በዚሁ ጥበብ የተገነባ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ነገር ግን አክሱማውያን ራሳቸው ይህን የእንጨት ሥራ ወደ ድንጋይ መገልበጥ የጀመሩት በጣም ቀደም ብለው ነው። ከሮም በ1997 ዓ.ም. የተመለሰውን፣ 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለውን ሐውልት ልብ ብሎ ያየ ሰው ከታች የድንጋይ በር፣ ከዚያ በላይ ፎቅ በፎቅ መስኮቶች፣ በየፎቁ መካከልም ክብ ክብ የዝንጀሮ ራሶች ተቀርጸው ያገኛል። በላሊበላ ደግሞ ቤተ አማኑኤል የዚያን ግድግዳ ድርድር መልሶ በዓለት ላይ አሳይቷል። እንግዲህ የመስቀለ ክርስቶስ ጠራቢ ብቻውን አልነበረም። የሚያከብረው ቤት ምን መምሰል እንዳለበት ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የወረደ ሥርዓት ነበረው፤ በመዶሻውና በመሮው የተከተለውም ያንን ነው። የአክሱም ሥልጣኔ ከአክሱም ከተማ ጋር አብሮ እንዳልተቀበረ ከዚህ ግድግዳ የበለጠ ምስክር ማግኘት ይከብዳል።

መቼ ተሠራ የሚለው ጥያቄ ግን እስካሁን ያከራክራል። የአካባቢው ትውፊት ሥራውን ወደ አፄ ካሌብ ዘመን፣ ማለትም ወደ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። የሥነ ሕንፃ ተመራማሪዎች ደግሞ ከላሊበላ ዘመን ወዲህ ያመጡታል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከስድስት መቶ ዓመት ያላነሰ ነው። ይህን ያህል ልዩነት የተፈጠረው ሊቃውንቱ ቸል ብለው ወይም ካህናቱ አጋነው አይደለም። ችግሩ ከዓለት ፍልፍል ባሕርይ የሚመጣ ነው፤ ይህም ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል።

በግንብ የተሠራ ቤት ሲያረጅ ይፈርሳል፤ በላዩ ሌላ ይሠራል፤ አፈር ይደፋበታል። አርኪኦሎጂስቱ ከላይ ወደ ታች እየቆፈረ ሲሄድ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ይወርዳል። ከዓለት የሚፈለፈል ቤት ግን እየተጨመረበት አያድግም፤ እየተነሳለት ነው የሚሰፋው። አንድ ትውልድ ጠባብ ዋሻ ፈለፈለ እንበል። ቀጣዩ አስፍቶ አዳራሽ ቢያደርገው የፊተኛውን ግድግዳ ራሱን አንስቶ ጥሎታል። ሦስተኛው ደግሞ ወለሉን ዝቅ ቢያደርግ የሁለተኛው ወለል አብሮ ይጠፋል። የመጨረሻው ጠራቢ ሥራ ከፊቱ የነበሩትን ሁሉ ይደመስሳል ማለት ነው። በዚህ ላይ የዓለቱን ዕድሜ መለካት ለታሪክ አይረዳም፤ ዓለቱ ከሰው ልጅ በፊት የነበረ ነውና።

በላሊበላ የሠሩት የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ለዚህ እንቆቅልሽ አንድ መንገድ አግኝተዋል። ከእ.ኤ.አ. 2008 ገደማ ጀምሮ ባደረጉት ጥናት ዓይናቸውን ከቤተ ክርስቲያኖቹ ወደ ፍርስራሹ አዞሩ። ከዓለቱ የወጣው ድንጋይና ብናኝ አንድ ቦታ መጣል አለበት። የተጣለበት ቦታ ደግሞ እንደማንኛውም አፈር በድርብ በድርብ ይከማቻል፤ በመካከሉም ከሰል፣ የሸክላ ስባሪ፣ አጥንት ይገባል። ይህን ክምር በመቆፈርና የዓለቱን ጠርዞች ቅደም ተከተል በማጥናት የላሊበላ ሥራ በአንድ ጊዜ የተፈጸመ ሳይሆን በተለያዩ ዘመናት ደረጃ በደረጃ የተከናወነ መሆኑን አሳዩ። ውጤታቸውንም በእ.ኤ.አ. 2010 አሳትመዋል።

ለሰቆጣ ይህ ትልቅ ትምህርት አለው። ከመስቀለ ክርስቶስ ዓለት ውስጥ የወጣው ድንጋይ ወዴት ተጣለ? ቁልቁለቱ ላይ ነው? ወይስ ለእርከንና ለቤት አጥር ተወስዶ አለቀ? ጥያቄው ተራ ቢመስልም የሕንፃውን ዘመን የሚነግረን ፍንጭ ከጌጠኛው ፊት ይልቅ ማንም ልብ ከማይለው የድንጋይ ክምር ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጥንታዊ ደብር ዙሪያ ለመኪና መንገድ ወይም ለእንግዳ ማረፊያ ተብሎ መሬት ከመደልደሉ በፊት ተመራማሪ ሊያየው ይገባል። አንድ ቀን የሠራ ዶዘር የሚጠርገውን ማስረጃ ማንም መልሶ አያመጣውም።

ቤተ ክርስቲያኑ ሌላም ምስክር ይጠብቃል። በእንጨት ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ፣ ሳይበሰብሱ የደረቁ አስከሬኖች አሉ፤ የቀደሙት የዋግ ሹሞች ናቸው ይባላል። በይምርሃነ ክርስቶስ ዋሻም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብዙ የደረቁ አስከሬኖች ይገኛሉ። ዓለት የማይናገረውን ዘመን የሳጥን እንጨት፣ ቆዳና መግነዝ ሊናገሩ ይችላሉ። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በቁሙ ሳለ ካርቦን 14 የሚባለውን የካርቦን ዓይነት ከአየርና ከምግብ ይወስዳል። ከሞተ በኋላ መውሰዱ ያቆምና ያለው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ግማሹ ለማለቅ 5,730 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ የቀረውን መጠን በመለካት ዛፉ የተቆረጠበት ወይም ሰውየው ያረፈበት ዘመን ይገመታል። ጥፍር የምታህል ቁራጭ ለዚህ ትበቃለች። ይህም ሲባል ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከአሮጌ ቤት የተነቀለ ግንድ ለአዲስ ሳጥን ሊውል ስለሚችል የእንጨቱ ዕድሜ የቀብሩን ዕድሜ ላይነግረን ይችላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ እነዚህ ሰዎች በጸሎት የተሸኙ፣ ዘመድ ያላቸው ሙታን ናቸው። ካህናቱና ቤተሰቡ ሳይስማሙ፣ ያለ አባቶች ቡራኬ የሚደረግ ምርመራ በሳይንስ ስም ቢሆንም ድፍረት ነው።

የዋግ ሹሞች እነማን ናቸው? በትውፊት እንደሚነገረው እ.ኤ.አ. በ1270 አፄ ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን መንግሥት ሲረከቡ ለዛጉዌ ዘር የዋግ ግዛት በርስትነት ተተወለት። የዋግ ሹምም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር እንዲቀመጥ፣ ነጋሪት እንዲያስመታ መብት ነበረው ይባላል። ይህ ትረካ በኋላ ዘመን የተጻፈ መሆኑን የታሪክ ሊቃውንት ያስታውሳሉ፤ እንደ ውል ሰነድ ሊነበብም አይገባም። ሆኖም አንድ ቤተሰብ ለብዙ ትውልድ፣ በተለያዩ ነገሥታት ሥር፣ በአንድ አገር ላይ በአንድ የማዕረግ ስም መቆየቱ የማይካድ ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ የዚህን ያህል የጸና አካባቢያዊ አገዛዝ ብዙ አይገኝም።

ከዚህ ቤተሰብ አንዱ እስከ ዙፋን ደርሷል። አፄ ቴዎድሮስ ዋግሹም ገብረ መድኅንን ካስገደሏቸው በኋላ ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ። ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲሞቱ ጎበዜ በዚያው በ1860 ዓ.ም. ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። የሚስታቸው የእቴጌ ድንቅነሽ ወንድም የትግሬው ደጃዝማች ካሳ ምርጫ ግን አልተቀበላቸውም። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ አሳም በተባለ ስፍራ ሁለቱ ገጠሙ። በሠራዊት ብዛት የዋጉ ሰው ይበልጡ ነበር፤ ካሳ ግን እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ የሰጡት መድፍና ጠመንጃ፣ ያንንም ለመጠቀም የሠለጠነ ወታደር ነበረው። ተክለ ጊዮርጊስ ተሸነፉ፣ ተማረኩም። በጥር 1864 ዓ.ም. ካሳ በአክሱም አፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ። ሦስት ዓመት ብቻ የቆየው የተክለ ጊዮርጊስ ንግሥና በትምህርት ቤት መጻሕፍት በቴዎድሮስና በዮሐንስ መካከል በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። የዛጉዌ ወራሽ ነኝ የሚል ቤተሰብ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ መልሶ ዙፋን የያዘበትን ጊዜ በአንድ መስመር ማለፍ ተገቢ አይመስልም።

በአድዋ ጦርነት ጊዜ ዋግሹም ጓንጉል ከዘማቾቹ መሳፍንት አንዱ ነበሩ። በጣልያን ወረራ ዘመን ደግሞ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ፣ የዋግሹም ከበደ ልጅ፣ በዋግና በላስታ አርበኞችን መርተው ተነሡ። በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ጣልያኖች ገደሏቸው፤ አንገታቸውንም ቆርጠው ሕዝብ እንዲያየው በአደባባይ አቆሙት። ይህን ታሪክ በሰቆጣ ከአባትና ከአያት የሰማ ሰው ዛሬም አይታጣም። የውጊያ ቦታዎቹ፣ አርበኞች የተሸሸጉባቸው ዋሻዎች፣ ጣልያን የሠፈረባቸው ጉብታዎች በካርታ ላይ መስፈር ያለባቸው የአርኪኦሎጂ ቦታዎች ናቸው። አርኪኦሎጂ የሚያጠናው የሺህ ዓመት ነገር ብቻ አይደለምና።

አሁን ከመሳፍንቱ ወደ ነጋዴው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ነበር፤ አፄ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ለመዝመት በሚዘጋጁበት ወራት። ኮስማስ በዚያ ቆሞ የነበረን የድንጋይ ዙፋን ጽሑፍ ገልብጦ ጻፈ። ስሙ ያልተጠቀሰ ቀደምት የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች በሚቆጥርበት ዝርዝር ውስጥ አታጋው የሚባሉ አሉ፤ ብዙ ተመራማሪዎች አገው ናቸው ይላሉ። በዚያው ዝርዝር ሰሜንም አለ፤ ከወንዝ ማዶ፣ በረዶው እስከ ጉልበት የሚያሰጥም ተራራ ተብሎ።

የኮስማስ ሌላው ወሬ ለአገው ምድር ለዋግ ይበልጥ ይቀርባል። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ ወርቅ ለማምጣት ሰዎች ይልካል፤ የሚላኩትም በአገው ገዢ በኩል ነው ይላል። ሌሎች ነጋዴዎች አብረው ይሄዳሉ፤ ቁጥራቸው ከ500 ይበልጣል። በሬ፣ ጨውና ብረት ይይዛሉ። ከቦታው ሲደርሱ በእሾህ አጥር ይሠራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን አጥሩ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች ወርቅ ይዘው ይመጡና በሚፈልጉት ነገር ላይ ያስቀምጣሉ። ባለ ዕቃው በወርቁ ከተስማማ ያነሣዋል፤ ካልተስማማ እንዳለ ይተወዋል፣ ገዢውም ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ወስዶ ይሄዳል። ቋንቋ ለቋንቋ ስለማይተዋወቁ አንድም ቃል አይነጋገሩም። ጉዞው ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይወስድ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ አገው ጥግ ላይ የቆመ ሕዝብ አይደለም። የአክሱም ወርቅ የሚያልፍበትን በር የያዘ ገዢ ያለው ሕዝብ ነው።

ጨዉ ከኮስማስ በኋላም አላቆመም። ከአፋር ጨው ሜዳ እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ለብዙ ዘመን ምግብም ገንዘብም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አሞሌው ከሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው እንዴት እንደሚወደድ መዝግቧል። ከጨው ሜዳው ተነሥቶ በእንደርታ በኩል ወደ ደቡብ ከሚወርደው መንገድ ላይ ካሉት ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ሰቆጣ ነበረች። ከዚህ አሞሌው ወደ ላስታ፣ ወደ የጁና ወደ በጌምድር ይበተናል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው መርከበኛ ናትናኤል ፒርስ ጨው ሜዳውንም ሰቆጣንም በዓይኑ አይቷል። ከአድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. ኦገስተስ ዋይልድ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ሲያልፍ ደግሞ አገሪቱ ከክፉ ቀን ረሀብ ገና አላገገመችም ነበር።

እነዚህ መንገደኞች የጻፉት ዋጋ አለው። ግን አንድ ጉድለት አለው፤ ሰቆጣን ያዩትም ቢሆኑ ያዩት ወደ ሌላ ቦታ ሲሄዱ ነው። የገበያው ቦታ የት እንደነበረ፣ ቀረጥ የት ይከፈል እንደነበረ፣ ሲራራ ነጋዴው የት ያድር እንደነበረ፣ ግመሉ በየትኛው ገደል አፋፍ ይቆምና በቅሎው ይረከበው እንደነበረ አልነገሩንም። ይህን የሚያውቀው አገሬው ነው። በድንጋይና በጭቃ የቆሙት የሰቆጣ አሮጌ ቤቶችም የዚያ ንግድ ቅርስ ናቸው። አንዱ ሲፈርስ በቆርቆሮና በብሎኬት ይተካል፤ የቤት ባለቤት የተሻለ ቤት መፈለጉ መብቱ ነው። ከመፍረሱ በፊት ግን ልኩን መውሰድ፣ ፎቶግራፉን ማንሣት፣ ማን እንደሠራውና ማን እንደኖረበት መጻፍ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

ስለ ኽምጣና ቋንቋም ሳይነሳ አይታለፍም። ይህ የዋግ አገው ቋንቋ ከከረን ብሌን፣ ከቅማንትና ከአዊ ቋንቋዎች ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ኦስትሪያዊው ሊቅ ሌዎ ራይኒሽ በእ.ኤ.አ. 1884 ስለ ኽምጣና ጥናት አሳተመ። ጣልያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተከተለው። እንግሊዛዊው ዴቪድ አፕልያርድ ደግሞ የአገው ቋንቋዎችን አነጻጽሮ መዝገበ ቃላት በእ.ኤ.አ. 2006 አወጣ። የቋንቋዎቹ ከከረን እስከ አዊ መበተን ራሱ ታሪክ ነው፤ በአንድ ወቅት ሰፊ አገር ላይ የተነገረ ቋንቋ በመካከሉ ሌላ ቋንቋ ሲስፋፋ ደሴት ደሴት ሆኖ መቅረቱን ያሳያል። ለአካባቢ ታሪክ የሚጠቅመው ደግሞ በየመንደሩ ያለው ነው፦ የጅረት፣ የእርሻ ማሳ፣ የገደል፣ የዋሻ ስም። እነዚህን የሚያውቁት እረኞችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ በመንግሥት ካርታ ላይ ብዙዎቹ የሉም።

እንዲህ ያለውን ጥቃቅን እውቀት አንድ ላይ ማሰባሰብ በሌላው ዓለም እንዴት ተሠራ? እንግሊዝ ጥሩ ምሳሌ ናት። በእ.ኤ.አ. 1576 ዊልያም ላምባርድ የተባለ የሕግ ሰው የኬንትን አውራጃ ታሪክ አሳተመ፤ ለአንድ አውራጃ ብቻ የተጻፈ የመጀመሪያው የእንግሊዝ መጽሐፍ ነው። በእ.ኤ.አ. 1899 ደግሞ በንግሥት ቪክቶሪያ ስም የተጠራ የአውራጃዎች ታሪክ ሥራ ተጀመረ፤ እስከ ዛሬም አልተጨረሰም። ሥራው የሚሄደው አጥቢያ በአጥቢያ ነው። መሬቱ የማን ነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑ መቼ ተሠራ፣ ወፍጮው የት ነበር፣ መንገዱ በየት ያልፍ ነበር እያለ ይመዘግባል። የታሪክ ምሁሩ ሆስኪንስ በእ.ኤ.አ. 1955 ባሳተመው መጽሐፍ የመሬቱ ገጽታ ራሱ፣ አጥሩና ቦዩ ሳይቀር፣ ማንበብ ለሚያውቅ ሰነድ እንደሆነ አስተማረ። ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ ደግሞ ገበሬም ሆነ መንገደኛ መሬት ላይ ያገኘውን አሮጌ ነገር በየአውራጃው ለተመደበ ባለሙያ እያሳየ የሚያስመዘግብበት ሥርዓት ተዘረጋ። በዚህ መንገድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች ተመዝግበዋል።

ለዋግ ይህ ሥርዓት የሩቅ ሕልም አይደለም፤ የሥራው መነሻ ያለው በየአጥቢያው ነው። ደሃና፣ ጋዝጊብላ፣ ዝቋላ፣ አበርገሌ፣ ሰሃላ በሚባሉት የዋግ ወረዳዎች ውስጥ ደብር የሌለበት ቀበሌ አይታሰብም። ለእያንዳንዱ ደብር ጥቂት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ታቦቱ ከየት መጣ? አሁን ካለው ሕንፃ በፊት ቤተ ክርስቲያኑ የት ነበር? አሮጌው መቃብር በየት በኩል ነው? በወንጌሉ ኅዳግና በባዶ ገጾቹ ላይ የተጻፈ የርስት ወይም የስጦታ ማስታወሻ አለ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ትልቅ ነው። ስለ ዛጉዌ ነገሥታት በራሳቸው ዘመን ከተጻፉት ጥቂት ሰነዶች መካከል ንጉሥ ላሊበላ የሰጠው የርስት ስጦታ በሽሜዛና ደብረ ሊባኖስ ወርቅ ወንጌል ላይ የሰፈረው ይገኝበታል። የዛጉዌ ወራሾች በኖሩበት በዋግ የወንጌል ኅዳጎች ምን እንደያዙ ገጽ በገጽ ማየት ተገቢ ነው። በደብሩ ዙሪያ ያለው የጥድና የወይራ ደንም እንዲሁ መጠበቅ አለበት፤ ለዘመናት ያልታረሰ አፈር ያለው እዚያ ነውና።

ከደብሩ ግቢ ውጭ ያለው መሬት ግን በየዓመቱ ይቆፈራል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በተለይ በጥርና በየካቲት፣ የአማራ ክልል ገበሬ ለተፋሰስ ልማት በዘመቻ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ቦይ ይቀዳል። በዚህ ሥራ መካከል የሸክላ ስባሪ፣ የባልጩት ስንጥር፣ የተጠረበ ድንጋይ፣ ምናልባትም የአክሱም ሳንቲም ሊወጣ ይችላል። አክሱም ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከወርቅ፣ ከብርና ከነሐስ ሳንቲም ትመታ ነበር። አንዲት የነሐስ ሳንቲም በዋግ እርሻ ላይ ከነቦታዋ ብትመዘገብ የአክሱም ንግድ እስከ የት እንደደረሰ ትናገራለች። ተሸጣ ከሄደች ግን ዋጋዋ የብረቱ ዋጋ ብቻ ነው፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ አይኖርምና።

ሕጉም ይህን አስቦበታል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በመንገድ፣ በእርሻ ወይም በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያጋጠመው ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅ ያዛል። በተግባር ሲታይ ከባድ ነገር የለውም። ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ባለበት ፎቶግራፍ ይነሣል፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ይደረጋል። ሞባይሉ ቦታውን በቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ቁጥሩ ይጻፋል፤ ካልሆነም የማሳው ስም፣ የቀበሌው ስምና በአቅራቢያው ያለው ደብር ይበቃል። ዕቃው አይታጠብም፣ አይፋቅም፤ በላዩ የቀረው አፈር ራሱ ማስረጃ ነው። ከዚያ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይነገረዋል።

ለአረጋውያኑ ቃል ደግሞ ሌላ ወቅት አለ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች የሻደይን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ሲጫወቱ በሩቅ ያለው የዋግ ተወላጅ ሁሉ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ዘመድ አዝማድ በአንድ ቤት ይሰበሰባል። ትምህርት ቤቶች ለዚያ ሳምንት ተማሪዎቻቸውን በተዘጋጀ ጥያቄና በሞባይል መቅረጫ ቢያሰማሩ የገበያውን፣ የሲራራውን፣ የዋግ ሹሞቹንና የአርበኞቹን ወሬ ከምንጩ ይሰበስባሉ። ቀረጻው ሽማግሌው በሚቀናቸው ቋንቋ፣ በኽምጣናም ሆነ በአማርኛ፣ ይሁን። የተናጋሪው ዕድሜ፣ የተቀረጸበት ቀንና ቦታ፣ ወሬውን ከማን እንደሰሙትም አብሮ ይጻፍ። አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው በዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ ሦስተኛው በባለ ታሪኩ ቤተሰብ እጅ ይቀመጥ።